መታጠፊያው ላይ የሚቆመው ፈረስ

ፈረሱ የኛ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው መናገሬ ይሻላል፤ በዚያ ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጌ የያዝኩት ይህንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነውና።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሮቤ። ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት፣ ከትምህርት ቤታችን በር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ፣ መንገዱ ይታጠፋል። እዚያ መታጠፊያ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ይቆም ነበር። ዳር ላይ አይደለም፤ አስፋልቱ ላይ፣ ጎኑን ለመኪና ሰጥቶ። አይግጥም፣ አይተኛም። ባጃጁ ይዞረዋል፣ አይሱዙው ይዞረዋል። የደሎ መና አውቶቡስ ግን መዞሪያ ስለማይበቃው ይቆምና ጥሩምባውን ይለቀዋል። ፈረሱ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከዚያ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ሲረዳ ጆሮውን ወደ ቦታው ያመጣል። ተሳፋሪ ወርዶ ሲገፋው ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ተመልሶ እዚያችው ላይ ይቆማል።

አባቴ ሃያ ዓመት ጋሪ ነድቷል። የበላነውም የለበስነውም ከጋሪው ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ከዚያ ዳማ ፈረስ ጉልበት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሰኝ፣ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደኝ ነበር። ክረምት ላይ ጋሪውን ሸጦ ባጃጅ ገዛ። ፈረሱን ግን የሚገዛ ጠፋ፤ ግራ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፣ ጥርሱም አልቋል። «ጋሴራ አጎትሽ ጋ ልኬዋለሁ፤ እዚያ ሣር እንደ ልብ ነው» አለኝ። አመንኩት። በጥቅምት አንድ ጠዋት ግን መታጠፊያው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሁለቱንም ጆሮዎቹን ወደ እኔ አቀና። ዞሬ በኋላ በር ገባሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲያም በፊት ለፊቱ በር አልገባሁም፣ አልወጣሁም።

ለማንም አልነገርኩም። አባቴም በዚያ መንገድ ባጃጁን አይነዳም። ተሳፋሪ ወደዚያ ውሰደኝ ሲለው «መንገዱ አይመችም» ይላል፤ የሮቤ ምርጡ አስፋልት እሱ ሆኖ ሳለ። አባቴ ፈረሱ ከተማ ውስጥ መሆኑን የማላውቅ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ማወቄን እንዳያውቅብኝ እጠነቀቃለሁ። እናቴ ምሳ ላይ «ጋሴራ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው አሉ» ስትል ሁለታችንም ወደ ትሪው እናቀረቅራለን።

በኛ አገር ፈረስ አይበላም፤ ያገለገለን እንስሳ መግደልም ሆድ አይችለውም። ስለዚህ ይለቀቃል። ጣልኩት የሚል የለም፤ «ለአላህ ለቀቅኩት» ነው የሚባለው። አንዴ ከተለቀቀ ጌታ የለውም። ጋሪ ነጂ የጋሪ ነጂን ፈረስ አይጠቁምም፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ለቀዋልና።

በዚህ መካከል አንድ ድርጅት ለሮቤና ለጎባ ተማሪዎች የፕሮጀክት ውድድር ይዞ መጣ። የአካባቢያችሁን አንድ ችግር ለዩ፣ ከኅብረተሰቡ ጋር ሆናችሁ ፍቱ፣ ጎባ መጥታችሁ አቅርቡ ተባልን። አሸናፊዎች ታብሌት ይሸለማሉ፣ ሐዋሳንም ይጎበኛሉ። ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ ሠለጠንን። አሠልጣኛችን ደግ፣ ፈጣን፣ ማርከር የማይጠግብ ወጣት ነበር። ትልቅ ወረቀት ላይ ዛፍ ሥሎ «የችግር ዛፍ» አለን። ቅርንጫፉ ጉዳቱ፣ ግንዱ ችግሩ፣ ሥሩ መንስኤው። ሥሩ ላይ ምን እንደሚጻፍ ጠየቀና ራሱ መለሰ፤ «የግንዛቤ እጥረት።» የቆሻሻ ችግር ሥሩ የግንዛቤ እጥረት ነው። የውኃ ችግርም ሥሩ የግንዛቤ እጥረት ነው። አንድ የጎባ ልጅ እጁን አውጥቶ «ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድስ?» ሲለው ትንሽ አሰበና እሱንም ከግንዛቤ ጋር አገናኘው።

ቡድናችን ሦስት ሰው ነበር። ሊቀመንበራችን የባለሱቅ ልጅ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ውኃ ሲጠማው እንኳ «በመጀመሪያ ደረጃ» ብሎ የሚጀምር። ሠዓሊያችን አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት፤ ሰው ትሥላለች፣ ቤት ትሥላለች፣ ፈረስ ግን ሁልጊዜ ውሻ ይሆንባታል። እኔ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ጸሐፊ ሆንኩ።

ችግር እንምረጥ ሲባል እኔ ቤተ መጻሕፍት አልኩ። ችግኝ አልኩ። እጅ መታጠቢያም አልኩ። ሊቀመንበራችን በመስኮት ወደ ውጭ ጠቆመ። የደሎ መና አውቶቡስ እየጮኸ ነበር። «በመጀመሪያ ደረጃ፣» አለ፣ «ያ ፈረስ።» ጓደኛዬ እጇን አወጣች። እኔም አወጣሁ፤ ባላወጣ የሚጠረጥሩኝ መስሎኝ። እንዲህ ሆኖ የአባቴን ፈረስ ባለቤት ለማግኘት የተቋቋመው ቡድን ጸሐፊ ሆንኩ።

በሳምንቱ መጠይቅ ይዘን ወደ ጋሪ ማቆሚያው ሄድን። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የፈረሱ ባለቤት ማነው? የመጀመሪያው ነጂ «የአላህ ነው» አለን። ሁለተኛውም «የአላህ ነው።» ሦስተኛው እኔን ቀና ብሎ አየኝ፤ ከአባቴ ጋር አሥር ዓመት ጎን ለጎን የሠራ ሰው ነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሊቀመንበሩ መለሰና «የአላህ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል» አለ። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ሁሉም አንድ ላይ ዋጡት። ሊቀመንበራችን ውጤቱን ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባ፤ በ«ባለቤት» ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች «አላህ» ተጻፈ። ሠንጠረዡን ለሥነ ዜጋ መምህራችን አሳየነው። ባለድርሻ አካላት በስብሰባ ተገኝተው መፈረም አለባቸው የሚል መመሪያ ነበርና፣ እስክሪብቶ አውጥቶ በፍርሃት ሰረዘውና «በመጣራት ላይ» ብሎ ጻፈበት።

አሠልጣኙ ሪፖርታችንን ካነበበ በኋላ ሽማግሌዎች ያሉበት መድረክ አዘጋጁ፣ ዳኞችም በዚያው ቀን መጥተው ያያሉ አለን። ሊቀመንበራችን ሦስት ሽማግሌ መረጠ። አራተኛ ደግሞ ፈረስም ባጃጅም የሚያውቅ የአሽከርካሪ ተወካይ ያስፈልገናል አለና የአባቴን ስም ጠራ። «የተከበሩ ሰው ናቸው» አለኝ፣ ደስ እንዲለኝ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማኅተም የተደረገበትን ወረቀት ግቢያችን ውስጥ ባጃጁን ሲያጥብ ለአባቴ ሰጠሁት። እጁን በሱሪው ጠርጎ አነበበ፤ «ጉዳዩ፦ በአስፋልት ላይ ስለሚቆም ፈረስ።» ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህ ጽሕፈት ያንቺ ነው» አለ።

«አዎ አባ።»

«ያምራል።» ወረቀቱን አጠፈ። «ያን ቀን ሥራ ነበረብኝ።»

ሽማግሌ ተብሎ ተጠርቶ መቅረት ግን በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሰውም ለምን ቀረ ብሎ ይጠይቃል። «ቶሌ» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ያጠበውን ጎማ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

መድረኩ ከምሳ በኋላ መታጠፊያው አጠገብ ሣሩ ላይ ተዘጋጀ። ሁለት ዳኞች መጡ፤ አንድ ቅጽ የያዘ ሰውዬና ለአዳራሽ የሚሆን ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴትዮ። አሠልጣኙም አለ። ዋናው ሽማግሌ ዕድሜያቸው የገፋ ሐጂ ነበሩ፤ ዱዓ አድርገው አሜን ካስባሉን በኋላ ወደ ሊቀመንበራችን ዞሩ።

«ከሳሽ ማነው?»

«በመጀመሪያ ደረጃ፣ ይህ የውይይት መድረክ እንጂ...»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ጠርተሃል። የተጣላ ሰው ሳይኖር ሽማግሌ አይቀመጥም። ከሳሽ ማነው?»

ሊቀመንበራችን ወደ አሠልጣኙ አየ። አሠልጣኙ ወደ ማርከሩ አየ። «ኅብረተሰቡ» አለ በመጨረሻ ሊቀመንበራችን።

«ተከሳሹስ?»

«ፈረሱ።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ የተለመደ ነገር የሆነ ያህል። «እንግዲያው ቅረብ በሉት። በሌለበት አንፈርድበትም።» ፈረሱ ተጎትቶ መጣና ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። አባቴ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጧል። ሁለቱም አልተያዩም። ፈረሱ ያላየው ዓይኑ ስለታመመ ነው፤ በግራው በኩል ነበር አባቴ። አባቴ ለምን እንዳላየው እኔ አውቃለሁ። ቃለ ጉባኤ መጻፌን አቁሜ እሱን ብቻ አያለሁ፤ እባክህ አትናገር እላለሁ በልቤ፣ ደግሞ እባክህ ተናገር እላለሁ።

ሐጂ ፈረሱን ከጥርሱ እስከ ኮቴው መረመሩት። «መናገር የማይችል በእግሩ ይናገራል» አሉ። «ልጓም አግቡለትና ከጋሪ ማቆሚያው ጀምሮ ተዉት። ሥራ የያዘ ይመስለዋል። የለመደበት ይሄዳል፤ እኛም እንከተለዋለን። ጌታው ቤት ያደርሰናል።»

አሠልጣኙ ደስ አለው። «ኅብረተሰብ አቀፍ ጥናት» ብሎ ጻፈ። እኔ እስክሪብቶዬን ዘጋሁ፤ ያ ፈረስ የሚያደርሰን ቤት የኔ ቤት ነዋ።

ከመታጠፊያው ተነሥተን ጋሪ ማቆሚያው ላይ ልጓም አገባንለትና እንዲህ ተከተልነው። ፊት ፈረሱ፤ ቀጥሎ ሐጂ በከዘራ፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ አባቴም መሃላቸው፤ ከዚያ ዳኞቹ፣ አሠልጣኙ፣ መምህራችን፣ እኛ። ከኋላ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የተቀላቀለ ሕዝብ። ፈረሱ ወፍጮ ቤት ደረሰና ቆመ። እኛም ቆምን። ሁለት ኩንታል የሚጫንበትን ጊዜ ያህል ጠብቆ ቀጠለ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ፤ በሽተኛ ቀስ ብሎ የሚወርድበትን ጊዜ ያህል። እህል ተራ ላይ ከሁሉም ይልቅ ቆየ፤ አባቴ እዚያ ወሬ ይወድ ነበር። ሴትዮዋ ዳኛ አንድ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሸት ነበር። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ ስትጠይቅ ሐጂ «ሥራው ሲያልቅ» አሏት።

አባቴ ሻይ ይጠጣባት የነበረችው ሻይ ቤት ጋ ሲደርስ ባለቤትየዋ የፈረሱን ኮቴ ሰምታ፣ ቀና ሳትል፣ ፉርሽካ በሳፋ ይዛ ወጣች። አስቀመጠችለት። ከዚያ ቀና አለች። ከተማውን አየች፤ ሐጂን አየች፤ አባቴን አየች። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ሳፋውን አንሥታ ተመለሰች። ፈረሱ በአፉ ሙሉ ፉርሽካ ይዞ ቀረ።

ቅጽ የያዘው ዳኛ «ይህች ሴት ባለቤቱ ናት?» አለ።

«የአላህ ነው» አለ ከሕዝቡ መካከል አንድ ጋሪ ነጂ።

ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ቅያስ ወደኛ ሰፈር ያስገባል። ፈረሱ ወደ ሰፈራችን መግቢያ አየ፤ አለፈው። አባቴ በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ወዴት እንደሚሄድ እሱም ገባው፣ እኔም ገባኝ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር። ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ሥራ ይቀረዋል።

እስካሁን ያላልኩት አንድ ነገር አለ፤ ማለቱ ስለከበደኝ ነው። አባቴ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሚያደርሰኝ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አልነበረም። «እዚህ ይበቃኛል አባ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ መታጠፊያው ላይ። የክፍሌ ልጆች ከጋሪ ስወርድ እንዲያዩኝ አልፈለግኩም። አባቴ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ በማግሥቱ ራሱ እዚያው አቆመ። በግራ በኩል ስለምወርድ ወደ ዳር ተጠግቶ ማቆም አይመችም፤ ፈረሱን አግድም ያዞረዋል፣ አስፋልቱ ላይ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋትም ማታም እንዲህ ነበር።

ፈረሱ መታጠፊያው ላይ ደረሰ። ዞረ። ጎኑን ለመኪና ሰጥቶ፣ እዚያችው የተነሣባት ቦታ ላይ ቆመ።

ሁለት ሰዓት ዞረን የመጣነው ወደ ተነሣንበት ነው። ሕዝቡ ሳቀ። መምህራችን ግንባሩን ያዘ። የደሎ መና አውቶቡስ መጥቶ ከኋላችን ይጮኽ ጀመር። ሐጂ ግን አልሳቁም። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎች እየተንጋጉ ወጡ። ፈረሱ ጆሮዎቹን አቀና። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ባለፈች ቁጥር አንገቱን ወደ እሷ ይመልሳል፤ አይታው ታልፋለች፤ ወደሚቀጥለዋ ይመለሳል።

«ይህ እንስሳ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉ ሐጂ። «ተማሪ ነው የሚጠብቀው። ሴት ልጅ።»

በኋላ በር ስወጣ የኖርኩባቸው ወራት በሙሉ መጡብኝ። አፈርኩ። ከጋሪ ስወርድ ያፈርኩትን ዓይነት አይደለም፤ ይሄኛው ሆድ ውስጥ ይገባል። ደብተሬን ለሴትዮዋ ዳኛ ሰጥቼ ወደ ፈረሱ ሄድኩ። ፈረሱ በደህናው ዓይኑ አየኝና አፍንጫውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተ። የተረፈኝን ዳቦ የማስቀምጥለት እዚያ ነበር። ዳቦ አልነበረም።

«የኔ ነው» አልኩ።

«የኔ ነው» አለ አባቴ። ከሽማግሌዎቹ መሃል ወጥቶ ቆሟል፤ ያልኩትን የሰማ አይመስለኝም፤ አንድ ላይ ነው ያልነው።

ሐጂ ፊታቸው በራ። «ዓመት ሙሉ አንድ ጌታ ያጣ ፈረስ አሁን ሁለት አገኘ። አልሃምዱሊላህ፤ ተከራካሪ ተገኘ። ተቀመጡ።» ሽማግሌዎቹ እንደገና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔና አባቴ ተከራካሪ ሆነን ፊት ለፊት ቆምን።

«አንተ ለምን ለቀቅከው?» አሉት።

«ባጃጅ ገዛሁ» አለ አባቴ። «ዓይኑም... ለአላህ ብዬ ነው።»

«አላህ አስፋልት ላይ አቁመው አለህ?» ሐጂ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን ሸሸሽው?»

«አፍሬ» አልኩ። «የጋሪ ነጂ ልጅ እንዳይሉኝ።» አባቴን እያየሁ ነው ያልኩት። እሱም አየኝ፤ ሲያየኝ ግን አዲስ ነገር የሰማ አይመስልም ነበር። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። አባቴ ማደሪያና ፉርሽካ ያቅርብ። ልጅቱ ጠዋትም ማታም ከፈረሱ ጋር ትሂድ፣ በፊት ለፊቱ በር። በመጨረሻም ሁለቱም ፈረሱን አፉ በለን ብለው ይቅርታ ይጠይቁት። ቅጽ የያዘው ዳኛ ቀስ ብሎ «ፈረሱ ይቅር ማለቱ በምን ይታወቃል?» ሲል ሐጂ አላዩትም። አባቴ ዝቅ ብሎ የፈረሱን ጉልበት ነካ፤ እኔም ነካሁ። ፈረሱ ቦርሳዬን እንደገና ፈተሸ። «ይቅር ብሏል» አሉ ሐጂ፤ ዱዓ አደረጉ። እኔ ፊት ፊት ስሄድ ተከተለኝ፤ መንገዱ ተከፈተ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ፤ ለምን እንደነፋ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጎባ ላይ ባቀረብንበት ቀን ጓደኛዬ የችግር ዛፉን አሣምራ ሥላው ነበር፤ ግንዱ ሥር የቆመው ፈረስ ግን እንደ ልማዱ ውሻ ነው። ሥሩ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ተጽፏል፣ በኔ ጽሕፈት። ተራችን ሊደርስ ሲል ሰረዝኩትና «ማፈሬ» ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበራችን አይቶኝ «በመጀመሪያ ደረጃ...» አለና ተወው። ዳኞቹ የችግሩ መንስኤና የመፍትሔው አካል አንድ ሰው መሆናቸው መመሪያውን ይቃረናል ብለው ነጥብ ቀነሱብን። ዘላቂነቱስ ሲሉን ሊቀመንበራችን «እሷ እስክትመረቅ» አለ። ሦስተኛ ወጣን። አንደኛ የወጡት የቆሻሻ በርሜል የሠሩት ልጆች ናቸው፤ በርሜሎቹ አገልግሎት ሳይጀምሩ ተሰርቀው ስለነበር ዳኞቹ ያዩት ፎቶውን ብቻ ነው።

እስክመረቅ ድረስ ከፈረሱ ጋር ሄድኩ። ጋሪ የለውም፣ ልጓም የለውም፤ ከኋላዬ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ቀን የአባቴ ባጃጅ ያለ ተሳፋሪ ከኋላችን ቀስ ብሎ ይከተለናል። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ግን ፈረሱ እስከ መጨረሻው ልማዱን አልተወም። ይዞርና ይቆማል፣ እኔ እንድወርድ። የክፍሌ ልጆች እያዩኝ፣ አውቶቡሱ እየጮኸ፣ አንድ ልጅ ከጋሪ ወርዳ ቦርሳዋን የምታስተካክልበትን ጊዜ ያህል አጠገቡ እቆማለሁ። ከዚያ አንድ ላይ እስከ በሩ እንሄዳለን።